ደም ከተቀዳችሁ በኋላ ክንዳችሁ እንዳይበልዝ፤ ከበለዘም የሚደረገው

ባለፈው ጥር ነው። አንዲት እናት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በኩል መጡ። ስኳርና ኩላሊት ተመርመሩ ተብለው ደብረ ብርሃን እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ገቡ። ደም ቀዳሁላቸው። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መርፌውን ነቀልኩ፣ ጥጥ አስያዝኳቸው፣ «እማማ፣ ጫን አድርገው ይያዙት» አልኳቸው። እሳቸው ክንዳቸውን እጥፍ አድርገው ጥጡን ክርናቸው ውስጥ ወሸቁት። ሹራባቸውን አወረዱ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ዘንቢላቸውን በዚያው እጃቸው አንጠልጥለው ወጡ። ወረፋው በር ድረስ ነበር። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ልጃቸው ቤት ሰንብተው በሦስተኛው ቀን አብረው ተመለሱ። ልጅቱ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ክንዳቸውን አሳየችኝ። ከክርናቸው ማጠፊያ ጀምሮ እስከ እጅ አንጓቸው ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው ጠቁሯል። ዳር ዳሩ ቀይ ሥር የተደፋበት ይመስላል። «ልጄ፣ መርፌው መርዝ ነበረበት እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ፈርተው ነበር። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

መርዝ አልነበረበትም። ክንዳቸውን ሲያጥፉት እያየሁ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው ሳልሰለች የምናገረውን እዚህ ልጻፈው። ብዙ ሰው መርፌው ሲገባ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሲወጣ ተገላገልኩ ብሎ ይነሳል። ክንዱ መበለዝ አለመበለዙ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው መርፌው ከወጣ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው።

የሚጠቁረው ምንድን ነው?

መርፌ ሁለት ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። አንዱ ቆዳው ላይ ነው። ሌላው ከሥሩ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ነው። የቆዳው ቶሎ ይዘጋል። የደም ሥሩ ይዘገያል። ስለዚህ ጥጡ ላይ ደም ስላላያችሁ ቆሟል ማለት አይደለም። ከቆዳ ሥር ገና እየተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። እዚያ የተጠራቀመው ደም ነው በማግስቱ ጠቁሮ የሚታየው። «ደም ቋጠረ» የምንለው እሱን ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። መርፌው ወደ ትከሻ አቅጣጫ አጋደል ብሎ ነው የሚገባው። በዚህ ምክንያት የደም ሥሩ ቀዳዳ ከምታዩት ነጥብ ጥቂት ከፍ ይላል። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ አጫጫን ስነግራችሁ ያስፈልገናል።

ከቤት ሳትወጡ

ውሃ ጠጡ። «በባዶ ሆድ ና» የተባለ ሰው ውሃም የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። ለስኳር ምርመራ ቢያንስ ለ8 ሰዓታት፣ ለኮሌስትሮልና ለስብ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት ምግብ አይቀመስም። ንጹሕ ውሃ ግን ሐኪሙ ለይቶ ካልከለከላችሁ ይፈቀዳል። ቡናና ሻይ አይፈቀድም፤ ስኳር ባይገባበትም። ውሃ የጠገበ ሰው የደም ሥሩ ሞላ ብሎ ይገኛል፤ አንዴ ተወግቶ ያበቃል። ውሃ ያጠረው ሰው የደም ሥሩ ይሟሽሻል፣ ይንሸራተታል። መርፌዋ ከቆዳ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለች ስትፈልግ ነው የሚጎዳው።

የጾም ነገር አለ። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ «ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፌ አይዞርም» የሚሉ እናቶች ይመጣሉ። አልከራከራቸውም። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ሁለት ሦስት ብርጭቆ ጠጥተው እንዲመጡ ብቻ ነው የምለምናቸው። በረመዳንም ያው ነው፤ ሱሑር ላይ ውሃውን ጠጣ ጠጣ አድርጉ።

የምትወስዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ካልሆነም ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚባሉትን፤ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ በየቀኑ የሚወሰደውን አስፒሪን። እነዚህን የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይበልዛል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ቆዳው ስለሚሳሳ እንደዚሁ ነው። አደራ፣ «ልመረመር ስለሆነ» ብላችሁ ደም ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቋርጡ። ከመበለዝ ይልቅ የልብ ወይም የጭንቅላት ደም ሥር መዘጋት ነው የሚያስፈራው። ለእኛ ንገሩን፤ እኛ ረዘም አድርገን እንጫናለን።

አሁን ወደ ልብሱ ልምጣ። ይህ የኛ አገር ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ሰው ከውስጥ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሦስቱንም እጅጌ በግድ ወደ ላይ ይጠቀልላል። የተጠቀለለው እጅጌ ከክርኑ በላይ ጥብቅ ብሎ ይቀራል። እኛ የምናስረውን ላስቲክ እንፈታዋለን፤ እጅጌውን ግን ማንም አይፈታውም። ከላይ ታንቆ የቀረ ደም ሥር ደግሞ ደሙን በቀዳዳው በኩል ይገፋዋል። የመንዟ እናትም ሹራባቸው እንዲያ ነበር። እጅጌው ሲወርድ ቆዳቸው ላይ ክብ ምልክት ትቶ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ደም በምትሰጡበት ቀን እጅጌው ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ። ሹራብ ከሆነ አትጠቅልሉት፤ አንድ እጃችሁን ከነጭራሹ አውጡት። ብርዱን በጋቢ ወይም በነጠላ ተከላከሉት። እናቶች መገላለጡ ካሳፈራችሁ ነጠላውን ደርባችሁ ክንዳችሁን ብቻ ማውጣት ትችላላችሁ።

ብርድ ራሱ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ይደብቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በብርድ ተጉዛችሁ እንደደረሳችሁ «ቶሎ ቅዱኝ» አትበሉ። ቤት ውስጥ ገብታችሁ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። እጃችሁን ጋቢው ውስጥ አሙቁ፣ መዳፋችሁን አፍታቱ። ሸዋ ሮቢት ላሉት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ላቡ ነው። ላብ ውሃችሁን ይወስደዋል፤ ፕላስተሩም እርጥብ ቆዳ ላይ አይያዝም። ውሃውን አብዙ፣ ክንዳችሁን አድርቁ።

ወንበሩ ላይ

እዚህ ብዙው ሥራ የኛ ነው፤ የእናንተ ድርሻ መናገር ነው። አትፍሩን።

በፊት ደም ስትሰጡ የደም ሥራችሁ በየትኛው ክንድ እንደተገኘ ንገሩን። ያለፈው ጊዜ የበለዘው ገና ካልጠፋ ሌላውን ክንድ ስጡ። የጡት ቀዶ ሕክምና የተደረገላችሁ በዚያ በኩል ያለውን ክንድ አትስጡ። ለኩላሊት እጥበት የደም ሥር የተሠራበት ክንድም እንደዚሁ አይነካም። በፊት ደም ስትሰጡ ራሳችሁን የሳታችሁ ከሆነ ከመጀመራችን በፊት ተናገሩ፤ አስተኝተን እንቀዳችኋለን።

ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ላስቲኩ ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ መቆየት የለበትም። መርፌው ከመውጣቱ በፊትም መፈታት አለበት። ላስቲኩ እንደታሰረ መርፌው ሊወጣ ሲል ካያችሁ «ላስቲኩ አልተፈታም» በሉ። ወረፋ ሲበዛ እኛም እንረሳለን።

መርፌው ሲገባ እስከ ጣታችሁ የሚዘልቅ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚያደርግ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያው «አውጪው» በሉ። ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ያንን ችሎ መቀመጥ ጉብዝና አይደለም። ሁለት ጊዜ ተወግታችሁ ካልተገኘም «ሌላ ሰው ይሞክርልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እኔን ብዙ ሰው ብሎኛል፣ አልከፋኝም። አንዳንዴ እጅ አልሆን ይላል።

«ደሜን ጨረሳችሁት» የሚሉም አሉ። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ሦስት ብልቃጥ ብንሞላ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ወደ 5 ሊትር ደም አለ። ይህችን ለመተካት የበግ ጥብስ አያስፈልግም። የሚያስቡላችሁ ቤተሰቦች ከጠበሱላችሁ ግን ብሉ።

አምስቱ ደቂቃ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

መርፌው እንደወጣ ጥጡ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት አስቀምጡ። አንድ ጣት አይበቃም። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የደም ሥሩ ቀዳዳ ከሚታየው ነጥብ ከፍ ስለሚል፣ አንደኛው ጣት ነጥቡ ላይ፣ ሌላኛው ከሱ በላይ ወደ ትከሻ በኩል ይረፍ።

ክንዳችሁን ዘርጉ። አትጠፉት። መታጠፉ ጥጡን ስለያዘ ብቻ የጫነ ይመስላል። ጫናው ግን ቀዳዳው ላይ አያርፍም፤ ለጥጡ መያዣ ሆነ እንጂ ለደም ሥሩ ምንም አልጠቀመም። ከዚያ ክንዱን ስትዘረጉት ደግሞ ገና መርጋት የጀመረችው ደም ትላቀቃለች። ይህ ማጠፍ እንዴት እንደተለመደ አላውቅም፤ እኛው ባለሙያዎቹ ስናስተምረው የኖርን ይመስለኛል። አሁንም «እጠፊው» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። እናንተ ዘርጉት።

የተዘረጋውን ክንድ ጠረጴዛ ላይ ወይም የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት። ከደረታችሁ ከፍ ካለ በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል።

አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ግን እስኪያማችሁ አይደለም። የበሰለ አቮካዶ ስትነኩ ከምትጫኑት ጠንከር ይበል። ማሸት የለም። ጥጡን ማንቀሳቀስም የለም።

እና አትግለጡት! በየሰላሳ ሴኮንዱ ጥጡን አንስቶ «ቆመ እንዴ?» ብሎ የማያይ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። ባያችሁ ቁጥር የረጋችውን ደም ከጥጡ ጋር ታነሷታላችሁ። ከዚያ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ለስንት ጊዜ? ጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የጉበት ሕመም ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ዐሥር ደቂቃ። ሰዓት በስልካችሁ ያዙ። ስልክ የሌላቸውን አረጋውያን አባታችን ሆይን ረጋ ብለው ሃያ ጊዜ እንዲደግሙ እነግራቸዋለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አንድ የአንኮበር ካህን ይህን ስላቸው «እንዲህማ ከሆነ መዝሙረ ዳዊቱን አምጡልኝ» ብለው ተቀምጠው ቀሩ። ክንዳቸው ላይ አንዳች አልታየም።

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም አቅም ያጠራቸው ራሳቸው መጫን አይችሉም። አብሯቸው የመጣ ሰው ይጫንላቸው። ልጆችንም ወላጅ ነው የሚጫንላቸው። ለሕፃን «ያዝ» ብሎ ጥጥ ሰጥቶ መልቀቅ አይሆንም።

ፕላስተር የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። ፕላስተር ቆዳውን ይሸፍናል እንጂ ደም ሥሩን አይጫንም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አንሱት። ክንድ ዙሪያውን በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደሙን ከላይ ስለሚያንቀው ነገሩን ያባብሰዋል።

የዚያን ቀን

ቀሪውን ቀን ለዚያ ክንድ እረፍት ስጡት። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ከባድ ነገር አታንሱበት። ከባድ ስል በእኛ ቤት ልናገር። ጄሪካን ውሃ። የማገዶ ሸክም። ሊጥ ማቡካት። ልብስ ጨምቆ ማስጣት። ከገበያ የተገዛ ጤፍ። እንጀራ መጋገር ካለባችሁ አክንባሎውን በሌላው እጅ አንሱት። ልጅ ማዘልም ሆነ ማቀፍ በሌላው በኩል ይሁን።

መንገደኞች ልብ በሉ። ወደ መንዝ፣ ወደ መርሐቤቴ ወይም በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የምትመለሱ በመናኸሪያው ግፊያ ውስጥ በዚያ እጃችሁ ዕቃ አትጎትቱ፤ የመኪናውንም መደገፊያ አትያዙበት። የእጅ ቦርሳና ዘንቢልም ክርን ማጠፊያ ላይ አይንጠልጠል። የመንዟ እናት ሁለተኛው ችግር ይህ ነበር። ዘንቢላቸው ያረፈው ልክ የተወጉበት ላይ ነው። ውስጡ ሁለት ኪሎ ስኳርና ሳሙና ነበረበት።

በለዘ፤ አሁንስ?

ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁም ሊበልዝ ይችላል። የደም ሥሩ ቀጭን ከሆነ፣ መርፌዋ ማዶውን ግድግዳ ከነካችው፣ ወይም ቆዳው በዕድሜ ከሳሳ ይከሰታል። አትደንግጡ። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል።

በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበታል። ቅዝቃዜ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የሚፈሰውን ይቀንሳል። በረዶ ካላችሁ በፌስታል አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። በረዶ ቆዳ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ያቃጥላል። ፍሪጅ ከሌላችሁም በኛ ደጋ ችግር አይሆንም። ውጭ ያደረ ውሃ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቃችሁ አስቀምጡበት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ከዚያ አንሱት፤ ከሰዓታት በኋላ ድገሙት። ስትቀመጡ ክንዳችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት።

አንድ ሁለት ቀን ካለፈና እብጠቱ መጨመሩን ካቆመ ወደ ሙቀት ዙሩ። ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራችሁ 10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሙቀቱ የተጠራቀመው ደም ቶሎ እንዲወሰድ ይረዳል። ጨርቁን መጀመሪያ ሌላኛው የእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ በኩል ሞክሩት። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ሌላ ሰው ይሞክርላችሁ፤ ሳይታወቃችሁ ልትቃጠሉ ትችላላችሁ።

ካመማችሁ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ለዚህ አይመረጡም። ዳይክሎፌናክ እንደ ከረሜላ ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛ ሰው ብዙ ስለማይ ነው ይህን የማጠብቀው። ሐኪም ለልብ ያዘዘላችሁ አስፒሪን ግን ይቀጥላል።

ስለ ቀለሙ። ሰውን ብዙ የሚያስፈራው እሱ ነው። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል። በሳምንቱ ግድም አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ቡናማ ሆኖ ይደበዝዛል። ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች ላይ አረንጓዴውና ቢጫው ላይለይ ይችላል፤ ጠቁሮ ቆይቶ እየሳሳ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ በጣታችሁ ዳብሱት። መጠንከሩ እየለሰለሰ፣ ሕመሙ እየቀነሰ ከሄደ እየዳነ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ አንዳንዱ ሦስት።

ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘኝ» ብሎ የመጣም አለ። ግምቱ ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። ሰውነት የፈሰሰውን ደም ሲያፈርሰው ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። በወፍ በሽታ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውም እሱው ነው። ክንድ ላይ ያለው ግን እዚያው ያለችው ጥቂት ደም ናት፤ ከጉበት ጋር አይገናኝም። የዓይናችሁ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይየው።

ወደ ታች መውረዱም ያስደነግጣል። ትናንት ክርን ላይ የነበረው ዛሬ እጅ አንጓ አጠገብ ነው። እየተስፋፋ መስሏቸው የሚያለቅሱ አይቻለሁ። ደም ፈሳሽ ነው፤ እጅ ደግሞ ሲንጠለጠል ይውላል። ቁልቁል ይወርዳል። ቀለሙ እየሰፋ እብጠቱና ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ ምንም አይደለም።

አታድርጉት የምለው

ወጌሻ ጋ አትሂዱ። ወጌሻ የራሱ ሙያ አለው፤ ይህ ግን ወለምታ አይደለም። ደም የቋጠረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታሸ የረጋው ይፈታና እንደ አዲስ ይፈስሳል። በቅቤም ሆነ በቅባት፣ ጠንካራ ማሸት ይቅር።

ዋግምት አይሆንም። «መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣ» ብለው በምላጭ በጣ በጣ ያስደረጉ ሰው ገጥመውኛል። የመርፌ ነጥብ ብቻ የነበረበት ክንድ መግል ይዞ መጣ። ያ ደም መጥፎ አይደለም። የራሳችሁ ደም ነው፤ ሰውነታችሁ መልሶ ይወስደዋል።

ፌጦም አትለጥፉበት። ፌጦ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። በመርፌም ማፍረጥ የለም።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

እብጠቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ እያደገ እንቁላል የሚያህል ከሆነ አጥብቃችሁ እየተጫናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም አልታዘዝ ካሉ ያኔውኑ ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን። የተጠራቀመው ደም ነርቭ ወይም የደም ሥር እየተጫነ ሊሆን ይችላል።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቦታው ከቀላ፣ ከጋለ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ብብት መውጣት ከጀመረ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ሂዱ። የደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠንክሮ ሲዳበስ የሚያምም ከሆነም አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ በሙቅ ጨርቅ ይለቃል፣ ግን ይታይ።

ሌላም አለ። ሳትመቱ እግራችሁ ወይም ሆዳችሁ ላይ የሚበልዝ ከሆነ፣ ድዳችሁ ወይም አፍንጫችሁ የሚደማ ከሆነ፣ የወር አበባችሁ ከልክ ካለፈ፣ ጉዳዩ መርፌው ላይሆን ይችላል። የደም መርጋት ችግር መኖር አለመኖሩ በምርመራ ይታወቃል። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልጠፋም ይታይ።

ገጠር ያላችሁ «የገበያ ቀን ስሄድ አሳያለሁ» አትበሉ። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይህን ያየዋል። የጤና ኤክስቴንሽኗንም ጥሯት፤ መሄድ ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ ትነግራችኋለች።

ደም ለጋሾች

ለሰው ደም የምትለግሱ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ መርፌውም ከምርመራው መርፌ ወፍራም ነው። ስለዚህ ዐሥር ደቂቃ ተጫኑ፣ የሚሰጣችሁን ጠጥታችሁ አረፍ በሉ፣ የዚያን ቀን ከባድ ሥራ ይቅርባችሁ። ቢበልዝም ደጋግማችሁ ለግሱ። በሚቀጥለው በሌላው ክንድ ይሁን።

የመንዟ እናት በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ለስኳር ክትትላቸው ተመልሰው መጡ። ፍርሃታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እጅጌው ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ልጅቱ ነግራቸዋለች። የግራ ክንዳቸውን ተቀበልኩ። መርፌውን አውጥቼ ጥጥ አላስያዝኳቸውም። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በሦስት ጣቴ ራሴ ተጫንኩ። ስለ በጎቻቸውና ስለ በልጉ ዝናብ እያወሩልኝ ዐሥር ደቂቃ ቆየን። ወረፋው ጠበቀ፤ ማንም አላጉረመረመም። ዘንቢሉን ልጅቱ ያዘች። በሦስተኛው ቀን ስትደውልልኝ ክንዳቸው ላይ ያለው የመርፌዋ ነጥብ ብቻ ነበር።